ለእኔ ብቻ የምትለግም ማጨጃ

ሰኔ 3
ሥራ ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴ። ሌሊቱን ዘንቦ የኳስ ሜዳው ሣር ቁርጭምጭሚት ደርሷል። አሮጊቷ ትራክተር በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻታለሁ፣ ጠባይዋን አውቃለሁ... ብዬ ነበር።
መሬቱ ወጣ ገባ የሆነበት ጋ ስደርስ ከሆዷ ሥር ያለው ማጨጃ ቀጥ አለ። ሞተሩ ይሠራል፣ ቢላዋው አይዞርም። ወዲያው ደግሞ በራሱ ተነሳ። ትንሽ ሄዶ... ቆመ። ምን ነካት?
በርሜል የምንለው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው፣ "ጤናህስ?" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ለሁሉም የምለው ይህንኑ ነው።

ሰኔ 4
ቺንጋው ነው። የሞተሩን ጉልበት ለቢላዋው የሚያደርሰው እሱ አይደል? ሳወርደው ተሰነጣጥቋል። አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። አዲስ አስገባሁ። ሞላውን ስስብ ጣቴን ቆነጠጠኝ።
ራቅ ብዬ ጎንበስ ብዬ እንዳየው በርሜል መቀመጫው ላይ ወጥቶ አስነሳልኝ። ቢላዋው እንደ ጉድ ዞረ። ከዚያ እኔ ወጥቼ ነዳሁ። ወጣ ገባው ጋ... ቀጥ።

ሰኔ 6
ቺንጋውን የሚወጥረው ፑሊ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሲጥ ሲጥ ይላል። ለወጥኩ። ያው ነው። ቢላዋውን ከሞተሩ ወደሚያያይዘው ፍሪሲዮን የሚሄደውን ሽቦ ጠርጌ አጠበቅኩ። ያው።
የሜዳው ሥራ አስኪያጅ መጣች። ሜዳው ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ ጎፍሯል። ፀጉሩን ሲላጭ መሀል ላይ መብራት የጠፋበት ሰው ይመስላል። ልጄ ትሆናለች በዕድሜ፣ በጣምም ታከብረኛለች። የሚያስፈራኝ አክብሮቷ ነው።
"ጋሼ፣ ጨዋታው የሳምንት እሑድ ነው። እስከ ሐሙስ ካልታጨደ ሌላ ሰው ከነማሽኑ እቀጥራለሁ። እርስዎ በር ጥበቃ ላይ አረፍ ይበሉ፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው።"
ትራክተር ላይስ ቆሜ ነው እንዴ የምሠራው? አላልኩም። "እሺ የኔ ልጅ" አልኩ። በር ላይ ካስቀመጡኝ አበቃልኝ።

ሰኔ 8
ተዋረድኩ። በርሜል "እስቲ ልሞክራት" ብሎ ወጣ። መሪ ይዞ የማያውቅ ሰው። ወጣ ገባው ላይ ሁለቴ ተመላለሰ፣ ማጨጃው አንዴ እንኳ አልቆመም። "ወንድሜ፣ ጠልታሃለች እኮ" አለኝ። የሜዳው ሠራተኛ ሁሉ ሳቀ። እኔም የጥርስ ሳቅ ሳቅሁ።
ቤት ስገባ ባለቤቴ የሱሪዬን ወገብ ለማጥበብ ለሦስተኛ ጊዜ ትሰፋለች። ነገርኳት። "ማሽኗ ደህና ናት፣ ያለቀልኝ እኔ ነኝ።"
ቀና ሳትል፣ "የበርሜል አንድ እግር አንተን ያክላል። ምኑን ከምኑ ታወዳድራለህ?" አለች።
ልቆጣ አፌን ከፍቼ... ቀረሁ። መቀመጫው!
ከመቀመጫው ሥር ስዊች አለ፤ ነጂው ቢወድቅ ቢላዋው እንዲቆም። ክብደት ካጣ፣ ቀላል ሰው ወጣ ገባ ላይ ሲነጥርም፣ ያቆማል። ስንቱን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ስንት ቀን ሆዷን ስጎረጉር የተቀመጥኩበትን አላየሁም። ለምን? መክሳቴን ላለማመን ነዋ። አሥራ ስድስት ኪሎ ሆስፒታል ትቼ መጥቻለሁ፣ ትራክተሯ አወቀችብኝ።
ባለቤቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ የእውነቷን አለቀሰች።

ሰኔ 9
መቀመጫውን አነሳሁ። ማጠፊያው ዝጓል፣ ሞላው ደግሞ ለድሮው ለእኔ የተሠራ ነው። በርሜል፣ "የስዊቹን ሁለት ሽቦ አገናኝና ሁልጊዜ ይዙር፣ ተገላገል" አለኝ። አልዋሽም፣ አሰብኩት። ማን ያውቃል? ግን ጠዋት ጠዋት ያዞረኛል። ብወድቅስ? ቢላዋው መቆም አለበት።
ማጠፊያውን ግሪስ ቀባሁ፣ ላላ ያለ ሞላ ፈልጌ ቀየርኩ። ስቀመጥ ዞረ። ብድግ ስል ቆመ። ወጣ ገባው ላይ ሄድኩ... ይዞራል። እያንጎራጎርኩ አጨድኩ።

ሰኔ 11
ሜዳው ከዳር እስከ ዳር አለቀ። ሥራ አስኪያጇ፣ "ምኗ ነበር?" አለች።
"ቺንጋ" ብል ይበቃ ነበር። አላስቻለኝም። "እኔ ነኝ። ከመክሳቴ የተነሳ መቀመጫዋ ሰው የለም ብላ ታቆማለች።" ኪሎውንም ነገርኳት። ማዞሩንም።
መቀመጫውን በእጇ ጫን ጫን አደረገች። በቃ፣ በር ላይ ነኝ አልኩ በልቤ።
"አሁን ቢወድቁ ይቆማል?"
ብድግ ብዬ አሳየኋት። ቆመ።
"እንግዲያው ይንዱ። ግን ሲደክምዎት ይንገሩኝ፣ አይደብቁኝ።"
እሺ አልኩ። ለአፍማ ምን ይከብዳል...

ሰኔ 14
ከጨዋታው በፊት ዳር ዳሩን ላሳምር ወጣሁ። ግማሽ ላይ አቃተኝ። ወረድኩ፣ ሄጄ ሥራ አስኪያጇን "ደከመኝ" አልኳት። ከታመምኩ ወዲህ ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።
"ይረፉ" አለችኝ፣ ሌላ ምንም የለም። የቀረውን በርሜል አጨደ፣ አጣሞ። ቁልፉን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።
ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ጨዋታ አየን። ያጣመመውን ነገ ሄጄ አቃናዋለሁ።