ብርቄን ማን ጠየቃት?

ኅዳር 4፣ ማታ
ዛሬም ሸዋ ቤንች። ከሚዛን በሚኒባስ፣ የቀረው በእግር። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ነበር። ጥናቴ ስለ ልጅነት አይደል፣ ልጆቹ እየመሩ ውሏቸውን ያሳዩኛል። የዛሬዋ ብርቄ ናት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ብቻቸውን የሚያሳድጓት እናቷ፣ እትዬ አለሚቱ፣ ነገሬን ሳልጨርስ ውሰጃት አሉኝ። ፈቃድ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ልጅቷ ምንጩን አሳየችኝ፣ ቡናውን አሳየችኝ፣ ትንፍሽ ሳትል! መቅረጫዬ ላይ ያለው የወፍ ድምፅ ብቻ ነው።

ኅዳር 6
ለምን ዝም እንደምትለኝ ጠየቅኳት። ማንም አልጠየቀኝም አለች። ኧረ የኔ ነገር! የልጆችን ድምፅ ላሰማ ብዬ ተነሥቼ የጠየቅኩት እናቷን ብቻ። እንደ አዲስ ጠየቅኳት፦ እናውራ ወይስ ልሂድልሽ? ቀይ ቀዩን ቡና እየለቀመች ብዙ አሰበች። እሺ አለች። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማት! ሳቋ ሲያምር፣ ደብተሬ።

ኅዳር 9፣ ከሰዓት
ልቤ ከብዷል። ለቀማው ሲያልቅ ብርቄ ቱም ከተማ ልትላክ ነው። እዚያ ያለችው አክስቷ ልትወልድ ደርሳለች፤ ሕፃኑን የምታዝል እሷ ናት። ትምህርትሽስ? ትከሻዋን ሰበቀች። መሄድ አልፈልግም፣ ግን ለእማዬ እንዳትነግሪያት ቲቸር አለችኝ። ቃል ገባሁ። የጥናቴ አማካሪ ጋ ደወልኩ፤ አንቺ አጥኚ ነሽ፣ በሰው ቤት ጉዳይ አትግቢ አለኝ። እሱ ምን አለበት፣ ፊቷን አላየ።

ኅዳር 10
ለእናቷ ትንፍሽ አላልኩም። ምን ላድርግልሽ ብዬ ራሷን ጠየቅኳት። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ አጠገቤ ቁጭ በይልኝ አለች። በቃ፣ ይኸው ነው የፈለገችው።

ኅዳር 11፣ ማታ
ተናገረች! እጄን ጭምድድ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ግን ተናገረች። መማር እፈልጋለሁ፣ ቱም አልሄድም። እትዬ አለሚቱ ፊታቸውን አዞሩ። ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። ለካ እያለቀሱ ነው። እሳቸውም በእሷ ዕድሜ ዘመድ ቤት ልጅ ሊያዝሉ ተልከው፣ ትምህርታቸው በዚያው ቀርቷል።

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አሉ።

ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና እህቴ እዚሁ መጥታ ትታረስ አሉ። ሕፃኑን እሳቸው ያዝላሉ፤ ብርቄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታጫውተዋለች። ብርቄ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ልወጣ ስል በሩ ላይ ያዙኝ። እኔንስ አትጠይቂኝም? አሉ፣ እንደማፈር ብለው።

ጥናቴ የልጆች ነው፤ ዕድሜያቸው አይፈቅድም። አማካሪዬ ይጮኻል። ይጩኽ። ነገ በጠዋት ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። እትዬ፣ ያኔ ቢጠይቁዎት ኖሮ ምን ይሉ ነበር?