ሻርፕሽን ያጠቡት ጀርሞች

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃው ላይ ያስቆምሻል? ዓይንሽስ? ይህን የምታነብልሽ ታናሽ እህቴ ከሆነች፣ እየዘለለች እንዳታነብ ንገሪያት። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

አሁንም የምሠራው ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ባለፈው ወር ሕይወት ያላቸው ጀርሞች ያሉበት ፈሳሽ ሳሙና መጣልን። አለቃችን እንዳስረዳችን ደግ ጀርሞች ናቸው፤ ላብና ቅባት ይበላሉ፣ ሽታ ያጠፋሉ፣ ልብሱ ከታጠበ በኋላም ለቀናት ሥራቸውን አይተዉም። ያንቺ ልጅ አይደለሁ፣ አላመንኩም። ቆሻሻ በቆሻሻ ይጸዳል እንዴ ብዬ የፈላ ውኃና በረኪና ጨመርኩበትና ሁሉንም ፈጀኋቸው። አለቃችን ሠራተኞቿን ገና ሥራ ሳይጀምሩ እንደጨረስኩባት እየሳቀች ነገረችኝ።

ጥፋቱ ያንቺ ነው። ጓሮ ነጭ ልብስ ስትቀቅዪ፣ እንፋሎቱ ፊትሽን ሸፍኖት ድምፅሽ ብቻ ሲመጣ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እጅሽ በበረኪና ተልጦ እንኳ ያልፈላ ልብስ አልጸዳም ትዪ ነበር። ያ ጓሮ እንዴት እንደሚናፍቀኝ።

አሁን የምነግርሽን ሰምተሽ አትቆጪኝ። ስትሸኚኝ ከአንገትሽ አውልቀሽ የጠመጠምሽልኝን ሻርፕ ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃ አላስነካሁትም። ሲከፋኝ አሸተዋለሁ፤ ያንቺ ጠረን ነበረበት። ሰሞኑን ግን የክፍሌ ግድግዳ ውኃ አስገብቶ ሻርፑ ሻገተብኝ። በአዲሱ ሳሙና ቀስ ብዬ አጠብኩት። የሻጋታው ሽታ ጠፋ፣ ያንቺ ቀረልኝ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ሳሸተው ምንም የለም። ጀርሞቹ ሻጋታውን ጨርሰው ወዳንቺ ጠረን ዞረዋል። እነሱ ምን ያድርጉ፤ እያወቅሁ የዘነጋሁት እኔ ነኝ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ብዬ ልተወው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ ሻርፑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። እንዳንቺ አድርጌ ቀቅዬዋለሁና የተረፈ ጀርም ያለ አይመስለኝም። ሁለት ሳምንት አድርጊው፤ ወጥ ስትሠሪም አታውልቂው፣ ስትተኚም ከአንገትሽ አይለይ። ከዚያ ሳታጥቢ መልሺልኝ።

አባቴን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሬዲዮኑን ቀነስ ያድርግ። አክስቴን ሳሏ እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ። እህቴን፣ አዝናልሽ ሻርፑን እንዳታጥበው አደራ በያት። ያልታጠበ ልብስ ለሰው መላክ ነውር ነው እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔ ግን ባዳ አይደለሁም፤ ልጅሽ ነኝ።

ከማጠቢያው ክፍል
ሰኔ ፱ ቀን