ያለቀው ፍሪሲዮንና የወንፈሉ ቀን

መስከረም 26

ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልፈጠነችም። ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ቀነስኩ። ያው ነው። የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ግቢ ገብቼ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግሁ (የእጅ ፍሬኑ ከሠራ ሁለት ዓመት አልፎታል)። አራተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ሞተሩ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ሦስተኛ ሞከርኩ። አልጠፋም።

አልቋል ማለት ነው።

መስከረም 27

እህቴ ሀዲያ ከአምደወርቅ ደወለች። ስምንት ወር አልፏታል። ባሏ ሐይደር ሪያድ ነው፤ ለወሊዱ አይደርስም። የመጀመሪያ ልጇ በቀዶ ሕክምና ነው የወጣችው፤ ምጡ የጀመራት ደግሞ ሰው በታጨቀበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሰቆጣ ሁለት ሰዓት ርቃ። ዘንድሮ ሐኪሙ እስከ ጥቅምት 16 ሰቆጣ ገብታ እኔ ቤት እንድትጠብቅ አዟል። አምቡላንስ ምጥ ሳይጀምር አይመጣም። ሚኒባስ ደግሞ ሞቼ ነው የምሳፈረው ብላለች።

"አንተ ትመጣለህ አይደል፣ ዓብዱ?"

"ጥቅምት 15፣ ጠዋት።"

"መኪናዋ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

ለምን እንዲህ አልኩ? አሥራ ስምንት ቀን አለኝ። ውሸት አይደለም... ቀኑ ያልደረሰ እውነት ነው።

መስከረም 29

ጋራዡ ወረፋው ሦስት ሳምንት ነው። ባይሆንም አላምናቸውም፤ አምና የካርዳኑን ቡሎን ሳያጠብቁ ነው የለቀቁኝ። የጥገናው መጽሐፍ በእጄ አለ። ውኃ መሐንዲስ ነኝ፤ ከዚህ የከበደ ፓምፕ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ራሴ እቀይረዋለሁ። ዕቃውን ከደሴ አዘዝኩ፤ ሸራው (የሞተሩን ኃይል ለማርሹ የሚያስተላልፈው ክብ)፣ እሱን የሚጫነው ሰሃንና ኩሽኔታው።

ጥቅምት 2

ዕቃው ደረሰ። የዓመት ፈቃዴን ጀመርኩ። አሥራ አራት ባዶ ጣሳ አዘጋጅቼ ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ቡሎን በየራሱ ጣሳ። ባትሪ፣ ሞተሪኖ፣ ካርዳን። ሁሉንም ከመፍታቴ በፊት ፎቶ አነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ አያ ገብረ ጻድቅ በድንጋይ አጥሩ ላይ ብቅ አለ። ጎረቤቴ ነው፤ ቤቱ ከእኔ ዝቅ ብሎ፣ ማሳው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከመኪናው ሥር የሚታየው እግሬ ብቻ ነበር።

"መሐንዲስ፣ ተኝተህ ነው ወይስ እየሠራህ?"

"እየሠራሁ ነው፣ አያ።"

"እኛ ስንተኛ ነው እንደዚያ የምንዘረጋው።"

ወደ ቀጣዩ ቡሎን አለፍኩ።

ጥቅምት 5

ካምቢዮው፣ የማርሹ ሣጥን፣ ወረደ። በክሪክ፣ በአሸዋ ጆንያና በሁለት ጣውላ፤ አራት ሰዓት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ጆንያው ተንሸራቶ እጄን ከመዳጡ በፊት ለጥቂት ሳብኩት። ብቻዬን ማድረግ አልነበረብኝም። ይህን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

የወጣው ሸራ እስከ ምስማሩ ተበልቷል። ምክንያቱን መፈለግ ነበረብኝ፤ ፈለግሁ። የእጅ ፍሬኑ ስለማይሠራ ዳገት ላይ ስቆም መኪናዋን በፍሪሲዮን ነው የምይዛት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ። "የእጅ ፍሬን ይጠገን" የሚል ማስታወሻ ከሰባት ጊዜ በላይ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። ጻፍኩ እንጂ አልጠገንኩም።

አያ ገብረ ጻድቅ የተበላውን ሸራ እያገላበጠ ሰማኝ። "እና በሬውን ዳገት ላይ ቀንበር እንዳሸከምከው ታቆመዋለህ?"

"እንደዚያ ነው መሰለኝ።"

"ምስኪን በሬ" አለና ሄደ።

ጥቅምት 7

አዲሱን ሸራ በማስመሪያ ለክቼ መሐል ላይ አሰርኩት። ካምቢዮውን በክሪክ አነሳሁ። አፍንጫው ደረሰ፤ ከፊቱ የወጣው ዘንግ ግን በሸራው መሐል ባለው ቀዳዳ አልገባም። ሦስት ጣት ያህል ቀርቶት ቆመ። አወረድኩ። እንደገና አነሳሁ። ቆመ።

ጥቅምት 8

አልገባም።

ጥቅምት 9

አልገባም። ክርኔ ተላጠ። መጽሐፉ "በቀስታ ግፉት" ይላል። በቀስታ ገፋሁ፤ በኃይል ገፋሁ፤ ተሳደብኩም። ከዚያ በኋላ ለመስገድ ውዱእ ሳደርግ የእጄ ቅባት አልለቅ አለ።

አያ ገብረ ጻድቅ ሲያይ ቆይቶ ኖሯል።

"ሦስት ሰው ይዤ ልምጣ?"

"የቀን አበላቸውን እከፍላለሁ።"

ፊቱ ጠቆረ። "ገንዘብህን ለጋራዡ ስጠው። ወንፈል ነው ያልኩህ። እኛ ለአንተ አንድ ቀን፣ አንተ ለእኛ አንድ ቀን። ጤፌ ለኅዳር ይደርሳል።"

"አያ፣ አንተም ታውቃለህ... የነጋዴ ልጅ ነኝ። ማጭድ ይዤ አላውቅም።"

"እኛስ ካምቢዮ ይዘን እናውቃለን?"

አመስግኜ አይሆንም አልኩ። የማልችለውን ሥራ እንዴት ቃል እገባለሁ? ቃሌ ላይ ጥንቁቅ ነኝ... ለሀዲያስ "ደህና ናት" ያልኩት?

ጥቅምት 11

ሀዲያ ደወለች። እግሯ አብጧል። "ልብሴን በሻንጣ ከትቼ በር ላይ አስቀምጫለሁ" አለች። አራት ቀን ነው የቀረው። መኪናዋ ሆዷ ተከፍቶ ግቢ ውስጥ ተቀምጣለች።

ወደ አያ ገብረ ጻድቅ ቤት ወረድኩ። በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር በቃል አጥንቼ ነበር፤ ጠፋብኝ።

"ወንፈሉን እገባለሁ" አልኩ።

"ግባ እንግዲህ፣ ደጅ ላይ ነው እንዴ የሚገባው?" አለች ባለቤቱ ሸጌ።

ጥቅምት 12

መጡ። ገብረ ጻድቅ፣ ማሳው ከእሱ ማሳ አጠገብ ያለው ንብረትና የንብረት ሁለት ወንድሞች። ያልጠበቅሁትን ነገር ይዘው መጡ፤ አሮጌ ሞፈርና የጭነት ገመድ። ሞፈሩን በመኪናው ውስጥ ከበር እስከ በር አጋደሙት፤ ገመዱን በማርሹ ቀዳዳ ወደ ታች አወረዱና ካምቢዮውን አሰሩት። ሁለቱ ከላይ ሞፈሩን ሲያነሱ ካምቢዮው እንደ ሕፃን ተንጠለጠለ። ከታች ሆኜ የምመራው ብቻ ሆንኩ። መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም።

አልገባም ግን። ሦስት ጊዜ።

"ኧረ ትከሻዬ" አለ ንብረት ከላይ። "መሐንዲሱ ይውጣና እኔ ልተኛ፤ በመተኛቱስ አላንስም።"

ገብረ ጻድቅ አውርዱት አላቸው። የእጅ ባትሪዬን ተቀብሎኝ በሸራው ቀዳዳ ውስጥ አበራ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ።

"ይህ ቀዳዳ ከኋላው ካለው ቀዳዳ ዝቅ ብሏል።"

"መሐል ላይ ነው፤ ለክቻለሁ።"

"ስትለካ መሐል ነበር ይሆናል። ስታጠብቀው ወረደ።"

አየሁ። ወርዷል። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል። አራት ቀን ሙሉ የካምቢዮውን ዘንግ ሸራው ላይ ነበር የምገፋው... ከለካሁ በኋላ ዳግመኛ ሳልለካ።

ገብረ ጻድቅ የዘንጉን ጫፍ በጣቶቹ ዳሰሰ፤ የወይራ እንጨት አመጣ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በጩቤና በሞረድ ይጠርብ ጀመር። የማረሻ ዕርፍና ድግር ሲጠርብ የኖረ እጅ ነው። ሲጨርስ በካሊፐር ለካሁት። ከዘንጉ ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። በዓይን።

"ምን ይላል ብረትህ?" አለኝ።

"ልክ ነው ይላል።"

እንጨቱን በሁለቱም ቀዳዳ ሰክተን ሸራውን ያዝነው፤ ሰሃኑን አጠበቅሁ፤ እንጨቱ ወጣ። ሞፈሩ ተነሳ። ዘንጉ ገባ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ አንድ ጊዜ "ጠክ"። ንብረት ከላይ፣ "ይለቀቅ ወይስ እስከ ፋሲካ እንያዘው?"

ጥቅምት 14

አሥራ አራቱም ጣሳ ባዶ ነው። የእጅ ፍሬኑንም ሽቦ ቀየርኩ። አራተኛ ማርሽ አስገብቼ ለቀቅኩ፤ ሞተሩ ጠፋ። በሕይወቴ ሞተር በመጥፋቱ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ጥቅምት 15

አምደወርቅ ደርሼ ሀዲያን ይዤ ተመለስኩ። ልጇ ከኋላ ተኝታ መጣች። ትልቁ ዳገት መሐል ላይ የግመል ቅፍለት መንገዱን ዘጋው። ቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ እግሬን ከፍሪሲዮኑ አነሳሁ። ሀዲያ የበሩን እጀታ ጨብጣ ነበር።

"አትንሸራተትም?"

"አትንሸራተትም።" ግመሎቹን እያየሁ፣ "ያን ቀን ደህና ናት ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። ፈርሳ ነበር የከረመችው።"

"አውቄያለሁ። ስትዋሽ አጭር ነው የምትመልሰው።"

"ታዲያ ለምን ጠበቅሽኝ?"

"ጥቅምት 15 ብለሃላ።"

ጥቅምት 24

ወንድ ልጅ። በቀዶ ሕክምና፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሆስፒታሉ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። መንገዱ ከአምደወርቅ ቢሆን ኖሮ... አልጽፈውም።

ኅዳር 5

ወገቤ አይታጠፍም። ቁጭ ብዬም አይደለም የምጽፈው፤ መደርደሪያው ላይ ደብተሩን ዘርግቼ ቆሜ ነው።

የአያ ገብረ ጻድቅን ጤፍ አጨድን። ተሰልፈን ጀመርን፤ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ርቀውኝ ሄዱ። የእኔ መስመር እንደ እባብ ተጣመመ። ንብረት ተመልሶ የተውኩትን እያጨደ፣ "መሐንዲስ፣ ይኸኛውን ሳትለካ ነው እንዴ የጀመርከው?" አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከንዴቴ ጋር። ሸጌ ለእነሱ ጠላ፣ ለእኔ በተለየ ቅል ብርዝ አመጣችልኝ፤ አላዘዝኳትም።

ማምሻውን አያ ገብረ ጻድቅን ጠየቅኩት። "ቀኑ ተመለሰ?"

ማሳውን አየ። መስመሬን አየ።

"ግማሽ ቀን ነው።"

በዓይኔ ለካሁት። ልክ ነው።

ሐሙስ የሚታጨደው የንብረት ማሳ ነው። ያልመለስኳትን ግማሽ ቀን ለዚያ መድቤያለሁ፤ ለዚያ ቀን ሌላ ግማሽም ማንም ሳይጠይቀኝ ወንፈል ገባሁ። የወይራውን እንጨት አሥራ አምስተኛ ጣሳ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጣሳው ላይ ቁጥር አልጻፍኩም።