የመሪጌታ ገነነ የብራና በሬ

ትሕትናዬ፣

ቡሬ ላይ ዝናብ ይዞኝ እትዬ ንግሥቴ ቤት ተጠልያለሁ። ባለቤታቸው መሪጌታ ገነነ ከብራና ቁራጭ ፈረስና ገበሬ እየቀረጹ፣ በአንሶላ ጀርባ ጥላቸውን እያስኬዱ ልጃቸውን ያጫውቱ ነበር። በሰኔ አረፉ። መጨረሻ የቀረጹት በሬ ሳይቀባ ስለቀረ ዛሬ ከእትዬ ንግሥቴ ጋር ቀባነው። እኔ ቀዩን ቀለም ሳወፍረው፣ «ተይ ልጄ፣ ብርሃን ካላሳለፈ ጠቁሮ ነው የሚታይ» አሉና በእርጥብ ጨርቅ አሳሱት። መስኮቱ ላይ ሲይዙት እንደ ፍም በራ። እኛ ሐዋሳ መብራት ሲጠፋ በጣታችን ግድግዳ ላይ የምንሠራት ወፍ ጥቁር ብቻ ነበረች።

አመሻሽ ላይ ጧፍ አብርተን አንሶላ ዘረጋን። በሬው ወጣ። ትንሿ ልጃቸው ህይወት ጠብቃ ጠብቃ፣ «እማዬ፣ ለምን አይናገርም? አባዬ ያናግረው ነበር» አለች። እትዬ ንግሥቴ በሬውን ለእኔ አቀበሉኝ። እኔ ግን የመሪጌታን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። በሬው ዝም ብሎ አለፈ፤ ጧፉን አጠፋነው።

ፖስት ካርዱ ሞልቶ ፊደሌ አነሰ። እናትሽን እቀፊልኝ። አባትሽን ጋሼን ደግሞ ሳሚልኝና፣ እነዚያን ረጃጅም ወሬዎቻቸውን ሲያወሩ ድምፃቸውን በስልክሽ ቅጂ። እባክሽ።

መቅደላዊት