ብረቷን ሦስት ላይ የተዋት ማን ነው

የገደለህ ወንድምህ ሙላው ነው። ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምኩት፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ስሙን ሸፋፍኖ «ያ የደረሰው ነገር» እያለ ስለሚያወራ ነው። እኔ የምጽፈው ማንም እንዲያነበው ስለሆነ ስሙ ከላይ ይቀመጥ ብዬ ነው።

ሲሳይ፣ የልጆቼ አባት፣ ከተለያየን አራተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። እኔን ብትጠይቀኝ ጉልበቴ ዳገት ጠልቷል፣ ዓይኔ ግን ደህና ነው። ይህን ብታይ መጀመሪያ የምትለው «ማን ጻፈልሽ?» እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም አልጻፈልኝም። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች መምህርት ከሰዓት በኋላ ጎልማሶችን ታስተምራለች፤ እዚያ ገብቼ ተማርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ለፊደል ፍቅር አልነበረም። የምፈርምበት ወረቀት ምን እንደሚል ሰው እንዲነግረኝ አልፈለግሁም ነበር። የሚነግሩኝ ሁሉ የሙላው ዘመዶች ናቸው።

ቤቱ አለ። የጓሮው እርከን በአንድ በኩል ተደርምሶ በራሴ እጅ ክቤዋለሁ፤ እንደ አንተ አላማረም። በሬህ ግን ብቻውን ቀርቷል። የአንተና የሙላው በሬ ተቀናጅተው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው፤ እሱ አገር ለቆ አምደወርቅ ከገባ ወዲህ ሚስቱ የእነሱን በሬ ከሌላ ሰው ጋር አቀናጅታለች። የእኛው ማሳ በሌላ ሰው በሬ ለእኩል ይታረሳል። ልጆቻችንም የአጎታቸውን ልጆች በመንገድ ሲያገኙ አንገታቸውን ያዞራሉ። እርቅ ሳይወርድ እህል አብሮ አይቀመስም፣ ታውቀዋለህ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ መጡብኝ፤ ሦስት ጊዜም መለስኳቸው። የመለስኩበትን ምክንያት ለአንተ ልንገርህ።

ሙላው ለፍርድ ቤቱ የተናገረው እንዲህ ነው። ሊነጋጋ ሲል ጅብ ከፍየሎቻችን በረት ገባ። አንተ በካቡ ጀርባ ዞረህ ልታባርረው ሄድክ፤ እሱ ደግሞ ጩኸቱን ሰምቶ ከቤቱ መጣ፣ ክላሽህን ከቤታችን ግድግዳ አውርዶ ከማሳው ጫፍ ቆመ። ጅቡ ካቡን ዘሎ ወጣ። ሙላው የጅቡን ትከሻ አልሞ ተኮሰ። ጥይቱ ጅቡን ስቶ ከካቡ ወዲያ የቆምከውን አንተን ደረትህ ላይ አገኘህ። «ወንድሜ ገና በጎን በኩል ያለ መስሎኝ ነበር፣ ጋቢውም ከድንጋዩ አልለይ አለኝ» አለ። በቸልተኝነት ተፈረደበት፣ የተፈረደበትን ጨርሶ ወጣ።

እኔ አላመንኩትም። አንተ ያስተማርከው ሰው ነው። መቶ ሜትር በማይሞላ ቦታ ሙላው ጅብ አይስትም። በቤታችን ደጃፍ ስንቱን ጎረምሳ ስታስተምር፣ እኔ እህል እየለቀምኩ ስሰማ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ጠመንጃውን አታስነካቸውም ነበር። ማዶ የሚሄድ ሰው እያሳየህ «ስንት ይርቃል?» ትላቸዋለህ። ፊቱ ከታየህ አንድ ነው፣ መቶ ሜትር ማለት፤ እጅና እግሩ ብቻ ከተለየህ ሁለት ነው፣ ሰው መሆኑን ብቻ ካወቅህ ሦስት። ሸለቆ ሲኖር ማዶው ቅርብ ይመስላል፣ እንዳትታለሉ ትላቸው ነበር። ከጠመንጃው በላይ፣ ወደ ኋላ ያለችውን ተንሸራታች የማለሚያ ብረት በዚያው ልክ ታስገፋቸዋለህ፤ ለቅርቡ አንድ፣ ለሩቁ ሦስት፤ ቁጥሩ በጨመረ ልክ ጥይቱ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ምላጩን ከመሳባቸው በፊት ደግሞ ትንፋሻቸውን በግማሽ እንዲይዙ ታደርጋለህ፤ አንተ ራስህ ስታልም ከንፈርህ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንኛ ሲቆጥር አየው ነበር።

አንድ ጥይት ተኩሰው የሚኩራሩትን ደግሞ አትወድም ነበር። ሦስት ተኩስና እንየው ትላለህ። ሦስቱ ተሰብስበው ከሳቱ ሰውየው ደህና ነው፣ የሚስተካከለው ጠመንጃው ነው። ከተበተኑ ጠመንጃውን አትውቀስ፣ ራስህን አርም። ሁሉም ሲያልቅ የምትላቸውን ልጆቹ እንኳ ቀድመውህ ይሉታል፤ ብረቷን ወደ አንድ መልስ፣ ቀጥሎ የሚያነሳው ሰው ምን ላይ እንዳለች አያውቅም።

ያን ጠዋት ሙላው ክላሹን እግሬ ሥር ጥሎ አፈር ላይ ተደፋ። ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔ ዓይኔ ጠመንጃው ላይ ተተክሎ ቀረ። ብረቷ የቆመችበት ቦታ ላይ አንዲት ምልክት አየሁ፤ ጀርባዋን ለግራ ሰጥታ ሁለት ሆዷን ወደ ቀኝ የገፋች። ምን እንደሆነች አላወቅሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓይኔን ስጨፍን እሷ ናት የምትመጣው።

አንድ ቀን መምህርቷ ቁጥር ልታስተምረን ጠመኔ አነሳች። አንድን ጻፈች፣ ሁለትን ጻፈች፣ ቀጥላ ያቺን ሁለት ሆድ ያላትን ጻፈች። «ይህቺ ማን ናት?» አልኳት። «ሦስት ናት እማማ» አለችኝ። ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ልጅቱ አስቀይሜያት ይሆናል ብላ ማግስቱን ቤት ድረስ መጣች።

አስበው። ጅቡ ያለው ከአንድ በታች፣ ብረቷ ያለችው ሦስት ላይ። ለማዶ ጋራ የተዘጋጀ ጠመንጃ በደጃፍ ምን ይሠራል? ሙላው ያለመው ሩቅ ነበር ማለት ነው አልኩ። ወይም የተናገረው ቦታ ላይ አልቆመም አልኩ። ወይም ደግሞ፣ ይህ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ የመጣልኝ ነው፣ ጥይቱ ከፍ እንደሚል ከአንተ ተምሮ ጅቡን ለሰው ዓይን እያለመ አንተን መታህ አልኩ። ለሰውም ለእግዜርም «ጅቡን ነው ያለምኩት» ማለት ይችላል፤ ቃሉም እውነት ይሆናል። ይህ ሐሳብ ከገባብኝ ወዲህ ሚስቱ ለልጆቼ የላከችውን ዱቄት እንኳ ለዶሮ በትኜዋለሁ።

ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ አራተኛ ጊዜ ሲመጡ መልስ ከመስጠቴ በፊት ጠመንጃው ይተኮስልኝ አልኳቸው። ክላሹ በስምህ የተፈቀደ ስለሆነ ጉዳዩ ሲያልቅ ለእኔ ተመልሷል፤ ሳጥን ውስጥ ነው የኖረው። የሽማግሌዎቹ አፍ የአንተው ጓደኛ አያ ፈንታ ነው። «ፊደል ቆጠርሽና መርማሪ ሆንሽ?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። «ቆጠርኩ እንጂ። አንቱስ ሦስትን ያውቋታል?» አልኩት። ያን ጊዜ የሳቁት በእሱ ነው።

ለቀበሌው ነግረን ሄድን። ጭድ የጠቀጠቅሁበት ጆንያ ካቡ ላይ አቆምኩ፣ ጅቡ በነበረበት፤ በከሰል ክብ አደረግሁበት። አያ ፈንታ ሙላው ቆምኩ ባለበት ቦታ ተንበረከከ። ሙላው ራሱ ይተኩስ ያሉም ነበሩ፤ እምቢ አልኩ። መሳትን ማንም ማስመሰል ይችላል። አያ ፈንታንም አላምነውም ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብረቷን አንድ ላይ አድርጎ ሦስት ጥይት እንዲተኩስ አደረግሁት። ጠመንጃው ወደ እኔ ሳይመለስ በሰው እጅ ከርሟል፣ ነካክተውት ቢሆንስ? ሦስቱም ከከሰሉ ውስጥ ገቡ። እጁም ጠመንጃውም ደህና ናቸው። ከዚያ በራሴ ጣት ብረቷን ሦስት ላይ ገፋሁና «ያንኑ ከሰል ያልሙ» አልኩት።

ሦስቱም ተሰብስበው ከከሰሉ በላይ ወጡ፣ በእኔ እጅ ከአንድ ስንዝር ለቀቅ ያለ። ጆንያው ጅብ ቢሆን ኖሮ ከጀርባው በላይ ያልፋል። ከካቡ ወዲያ የቆመ ሰው ቢኖር ደረቱ እዚያ ነው።

የሙላው ቃል ልክ ሆነ። ደስ የሚለኝ ይመስልሃል? አናደደኝ። አያ ፈንታ ጉልበቱን እያራገፈ «አሁንስ?» አለኝ። «አሁን ደግሞ ብረቷን ሦስት ላይ የተዋት ማን ነው?» አልኩት። ቀለሆቹን ከመሬት አንድ በአንድ ለቀመ። ከለቀመም በኋላ አልተነሳም። ሌሎቹን «እናንተ ቅደሙ» አላቸው።

ከዚያ ስለ ሰርጉ ነገረኝ። አንተ ከመሞትህ በፊት ባለው ቀን ከጎረቤት ሰርግ ነበራችሁ፤ ከሸለቆው ማዶ ነጭ ድንጋይ ለኢላማ ተቀምጦ ነበር። በክላሽህ ሙላው ተኩሶ ሳተ። ሌሎችም ሳቱ። «ብረቷን ሦስት ላይ ገፍቶ መጨረሻ የተኮሰው ባልሽ ነው። ድንጋዩን ፈረከሰው። ሰው በእልልታ ትከሻ ላይ ሲያወጣው ጠመንጃውን ለሙላው አሸከመውና ጭፈራ ገባ» አለኝ። «ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም?» አልኩት፤ አንቱታው ጠፋብኝ። «ሙላው ለምኖኝ» አለ። «የሞተ ሰው ራሱን አይከላከልም፣ ተወው አለኝ።»

ይህንንም ጠረጠርኩት። እርቁ እንዲወርድላቸው ጥፋቱን ወደ ሞተው እየገፉ ነው አልኩ። ግን በሰርጉ ማታ ስትመጣ የሆንከው ትዝ አለኝ። ክላሹ ሙላው ትከሻ ላይ ነበር። አንተ እጅህን ከኪስህ አውጥተህ የነጭ ድንጋይ ስባሪ ጭኔ ላይ ጣልክልኝ። ሸለቆውን ተሻግረህ ያመጣኸው ነው። «እኔ ነኝ የጨረስኳት፣ ከእኔ በኋላ ማንም አልተኮሰም» አልክ። እንደ ሕፃን ነበር ያደረገህ። እኔም ሳቅሁ። ብረቷ ምን ላይ እንዳለች ማንም አላየም፤ ሙላው ከግድግዳው ሰቀለውና ወደ ቤቱ ሄደ።

እና ማን ነው ሲሳይ? መተኮሱን የጨረስከው አንተ ነህ። ሙላው ሲሰቅለው ማየት ነበረበት፣ ሲያወርደውም ማየት ነበረበት፤ ይህን አልተውለትም። ነገር ግን ያወረደው አንተን አምኖ ነው። አንተ ከተኮስክ በኋላ ብረቷን ይመልሳል ብሎ የማያምንህ በዚህ አገር ማን ነበር?

ባለፈው ሳምንት ሙላውን ከአምደወርቅ አስመጡት። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲያልፍ ጎኑን ያዞራል። በሽማግሌዎቹ ፊት ጠየቅሁት። «ሦስት ላይ የተዋት ማን ነው?» አልኩት። «የተኮስኩት እኔ ነኝ እታለም» አለ። «እሱን አልጠየቅሁህም» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «የተኮስኩት እኔ ነኝ። ሌላ ምን ልበልሽ?» አለ። ደግሜ ብጠይቀው ያንኑ አለ። አያ ፈንታ ሊናገር ሲል በዓይኔ ከለከልኩት።

አሁንም እጠረጥራለሁ። ለአንተ አዝኖ ዝም አለ? ወይስ ዝም ማለቱን እኔ ደርሼበት ይቅር እንደምለው ያውቅ ነበር? የሰው ልብ በጆንያ አይሞከርም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ በፍርድ ቤት ስምህን ቢያነሳ ሸክሙ ይቀልለት ነበር፣ አላነሳም። ከእስር ወጥቶ እኔ መንገድ ላይ ስተፋበትም አላነሳም።

እርቁን ተቀብያለሁ። ከመጪው እሑድ በኋላ እህል አብረን እንቀምሳለን፣ በሬዎቹም በዚያው ይቀናጃሉ። አንገቱን አላቅፍም፣ አልለመኑኝምም። ልጆቼ ግን ወደ አጎታቸው ቤት ቢሄዱ የት ነበራችሁ አልላቸውም።

አንተን አልረሳህም። እንዴት አድርጌ? የዚህ ቤት ድንጋይ ሁሉ የአንተ እጅ ያረፈበት ነው። ለልጆችህ ልጆችም ስለ አንተ እነግራቸዋለሁ፤ ጨዋታህን፣ ትዕግሥትህን፣ ያንን በከንፈርህ የምትቆጥረውን ሁሉ። ብቻ አንድ ነገር አለ። ለቅሶ ላይም ተዝካር ላይም፣ ሰው ስምህን ባነሳ ቁጥር «ሲሳይ ስቶ አያውቅም» ስል ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ አልልም።

ሚስትህ