የአባትሽ የመጨረሻ ፊልም

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንደምን ከረምሽ? በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኔ ጉልበቴ ተሽሎኛል፤ ስለኔ አታስቢ።

አባትሽ ፎቶ ቤቱን ዘጋ። ሰው ሁሉ በስልኩ ሲነሳ ማን ይምጣለት? ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት በቀረችው አንድ ፊልም እኔን አነሳኝ። «ዕድሜ ልኬን የሰው ሚስት ሳሳምር አንቺን ረሳሁሽ» ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ ሊያጥበው ጨለማ ክፍሉ ገባ። ይዞት ሲወጣ ፊልሙ ባዶ ነበር፤ ማጠቢያው መድኃኒት ለካ ከርሞ ተበላሽቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔው ራሴ አለሁልህ አይደል?» ስለው ባሰበትና አለቀሰ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ለባብሶ ይነሳና መሄጃ ሲያጣ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ስትደውዪ ስለ ሥራ አትጠይቂው፣ እባክሽ፤ ብቻ አጫውቺው። ደግ ሰው ይግጠምሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

እናትሽ