ለራሳችን ያስቀረነው መደብ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ዕቃ ሳወርድ ያዘኝ ያልከው ሕመም ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ «ተሽሎኛል» እያልክ ታታልለናለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ብርዱንስ ለመዳችሁት? ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምጠይቅህ መልሱ ስለሚያሳስበኝም፣ ወደ ዋናው ጉዳይ መግባት ስለፈራሁም ነው። እኛ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ መጻፍ ግን ዛሬ አልሆነልኝም፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት።

ነገሩን በአጭሩ ልንገርህና ከዚያ እዘረዝረዋለሁ፤ ለፍላፊዋ እያልክ የምትጠራኝ እህትህ ሳልዘረዝር እንደማልቀር ታውቃለህ። አፈራችን ተመርዟል። ልጄ ሚጢ በሱ የተነሳ ታማለች። ከዚህ ቦታ እንድንወጣ ደግሞ ያንተ ፊርማ ያስፈልገኛል።

እዚህ አትክልት የሚያለማ ሁሉ የሚሸጠውንና የሚበላውን ለይቶ እንደሚኖር አልረሳኸውም። የሚሸጠው ከታች ነው፤ የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ የሚቀላቀልበትን ወንዝ ይጠጣል። የቤቱ መደብ ግን ከግድግዳው ሥር፣ ከሌላው ከፍ ብሎ፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ እየጠጣ ነው ያደገው። ውሃውን በጀሪካን ተሸክሜ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ ትከሻዬ ይመስክር። ይኼን ሁሉ ዓመት ከዚያ መደብ አንድ እስር ቆስጣ አልሸጥኩም። ጎረቤት እንኳ ሲለምነኝ ፊቴን አጥቁሬ ነበር የምሰጠው። ንጹሑ የኛ ነው ብዬ እኮራ ነበር።

ከአምስት ወር በፊት የአፈር ባለሙያ ነኝ ያለች ልጅ እግር ሴት መጣች። ከየማሳው አፈር በማንኪያ እየዛቀች፣ ከየመደቡ ሁለት ሁለት ቅጠል እየቀጠፈች በትናንሽ ፌስታል ስለምትቋጥር ሁላችንም ባለ ፌስታሏ እንላታለን። ሌሎቹ ሲያባርሯት እኔ ነይ፣ ከኔም ውሰጂ አልኳት። ይባስ ብዬ እጇን ይዤ ወደ ቤቱ መደብ ወሰድኳትና፣ ይኼ ንጹሑ ነው፣ ከታችኛው ጋር አስተያዪና ሰው ልዩነቱን ይወቅልኝ አልኳት። ጉራ መንዛቴ ነው እንግዲህ። እሷም አመስግና ቆስጣውንም፣ ካሮቱንም፣ አፈሩንም ቋጥራ ሄደች።

ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። የታችኛው ማሳ መጥፎ ነው፣ የቤቱ መደብ ግን ከሱ በብዙ እጥፍ የባሰ ነው አለችኝ። ፌስታሉን አቀያይረሽው ነው ብዬ ጮህኩባት። እሷ ሳትቆጣ፣ እዚህ ላይ ከናንተ በፊት ማን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ባትሪ ሠሪው ነበራ! አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳሱን የሚያወጣው፣ አሲዱንም እዚያው ግድግዳው ሥር የሚደፋው ሰውዬ። እሱ ለቅቆ ሲሄድ ጥቁር ጥቁሩን የባትሪ ቅርፊት ለቅመን ጣልን፤ አንተ ሁለት ክንድ ቆፍረህ ገለበጥከው፣ ፍግ ጨመርክበት፣ የጓዳችሁ መደብ ይኸውላችሁ ብለህ አስረከብከኝ። ልወቅስህ አይደለም ወንድም ጋሼ። ዓይናችን ያየውን ሁሉ አንስተን ነበር።

ባለ ፌስታሏ እንደምትለው እርሳሱ ከአፈሩ ጋር ተዋህዷል። አሲዱ አፈሩን ስላኮመጠጠው እርሳሱ በውሃ ይሟሟል፣ ሥሩም ከውሃው ጋር ይመጥጠዋል። ካሮቱ እዚያው ሥሩ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ቆስጣው ደግሞ ከፊሉን ወደ ቅጠሉ ያወጣዋል። እኔ ሦስት ጊዜ አጥባለሁ፣ በጨው ውሃ እዘፈዝፋለሁ ብላት፣ ቅጠሉ ላይ ያረፈው አቧራ ይታጠባል፣ ውስጥ የገባው ግን አይታጠብም፣ ቢቀቀልም አይጠፋም አለችኝ። ያ ሁሉ ጀሪካን! የኔ ንጹሕ ውሃ ለካ መርዙን ለሥሩ ሲያቀብል ነው የኖረው። በዚያ ቀን ሳቅም ልቅሶም በአንድ ላይ መጣብኝ።

ሚጢ ሆዴን እያለች፣ ፊቷ እየነጣ፣ ምግብ እየዘጋት ከርማ ነበር። ወስፋት ነው ብለን የወስፋት መድኃኒት አጠጣናት፤ እንድትበረታም ቆስጣውን አብዝቼ አበላኋት። ክሊኒክ ወስጃት ደሟ ሲመረመር ውስጡ እርሳስ ተገኘ። ሐኪሟ፣ እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ መድኃኒቱ ይደርሳል፣ አስቀድመሽ ከዚያ ግቢ አውጫት አለችኝ። እሺ አልኳት። ወዴት እንደማወጣት ግን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ነገሩን ለአትክልት አልሚዎች ማኅበራችን ስብሰባ አቀረብኩት። ሊቀመንበሩ፣ አንቺ የራስሽን ግቢ ጣጣ ይዘሽ ሠላሳ ቤት ልታፈርሺ ነው ወይ፣ ወሬው ገበያ ከደረሰ የማናችንንም ቅጠል በእጁ የሚነካ የለም አለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ተሳድቤ በወጣልኝ። እሱ ግን እማዬ ስትታመም በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት ሰው ነው፤ የገዛ ልጆቹም ከዚሁ አፈር ይበላሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ በማሳው ድንበር ሳልፍ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይኮተኩታል። ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ በግማሽ አፍ ነው።

የቤቱን መደብ ነቅዬ ጨርሻለሁ፤ ሚጢ እንዳትጫወትበትም በቆርቆሮ አጥሬዋለሁ። ለቤታችን ቅጠል የምገዛው ራቅ ካለ ገበያ ነው። ከየት የመጣ ነው ብዬ ስጠይቅ ሻጯ ትስቅብኛለች፤ እኔም እሱን ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። የታችኛውን ማሳ ግን ዛሬ ጠዋትም አጭጄ ሸጥኩ። ደንበኛዬ ባለ ጉሊቷ፣ ያንቺ ልምላሜው ለብቻው ነው እያለች አንድ እስር ለይታ፣ ይቺን ለልጆቼ ብላ ከቅርጫቷ ጥግ ሸጎጠቻት። ልነግራት አፌን ከፈትኩና፣ በይ መልካም ገበያ ብያት ገባሁ። የኔን ልጅ አስጥዬ የሷን አበላለሁ። እንዲህ ያለች ሰው ሆኛለሁ ወንድም ጋሼ፣ ካንተ በቀር የምነግረውም የለኝ።

ባለ ፌስታሏ ያሳየችኝ አንድ መንገድ አለ። ቦታው መበከሉን ባለይዞታው አምኖ ከፈረመ፣ መሥሪያ ቤቱ ማሳውን ዘግቶ ለምትክ ቦታ ተራ ያስይዛል። ተራው በዓመትም በአምስት ዓመትም ሊደርስ ይችላል፤ ላይደርስም ይችላል። እስከዚያ ቤትም ማሳም የለንም። የኛ ማሳ ከተዘጋ ደግሞ የጎረቤቶቻችን መመርመሩ አይቀርም፤ ያን ጊዜ በግማሽ አፍም ሰላም የሚለኝ አይኖርም። ብቀመጥ ልጄን አጣለሁ፣ ብወጣ ሁላችንንም ነው የምበትነው። በዚህ አጣብቂኝ ውስጥ ሁለት ወር ተቀመጥኩ።

ባለይዞታው አንተ ነህ። በየደብዳቤህ መሬቴን ጠብቂልኝ፣ ስመለስ የማርፍባት እሷ ናት ትለኛለህ። እዚያ ባዕድ አገር ጉልበትህን የሚያቆመው ይኼ ሐሳብ መሆኑን ስለማውቅ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህ። ፊርማህን አስመስዬ ልፈርም ብዕር አንስቼ ነበር። አንተ ሳታውቅ መመለሻህን መዝጋት ግን አልቻልኩም። ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ አስገብቼልሃለሁ።

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች። ቃሏን ሳልቀንስ እንድጽፍልህ አስምላኛለች፦ በዓይን የማይታይ መርዝ አላውቅም፣ ይቺን መሬት አሳልፎ የሰጠ ልጄ አይደለም በይው ብላለች። እነሆ ሳልቀንስ ጻፍኩ። ባለቤቴም እጅ ነስቷል። ከሥራ ሲመለስ ቱታውን ደጅ አውልቆ ነው የሚገባው፤ ብረት የሚባል ነገር ሁሉ ፈርቷል፣ ያውም በያጅ ሆኖ። ባለቤትህን ሳምልኝ፤ እህቴ ብላሻለች በላት።

ሚጢም ሁለት ጉንጭህን ትስማለች። አጠገቤ ተቀምጣ ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ። ለአጎትሽ አልኳትና ስምህን ነገርኳት። አንድ ገጽ ሳልሞላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አሁን እዚህ ጋ ስደርስ ሦስተኛዋ ነው። ባለፈው ዓመት ስምህን በከሰል ግድግዳው ላይ የጻፈችው እሷ ነበረች። ፈርምልኝ ወንድም ጋሼ።

ታናሽ እህትህ
ከወንዙ ዳር፣ ከማሳችን
ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን